ጥላ የሌለበት ቦታ

የሳፋሪ ካምፑ አንጋፋ ዱካ አንባቢ ልማኪያ ሌኩፔ የሞተው በደረቁ ወራት፣ ወንዙ ቀጥኖ እንደ ክር በአሸዋ መሃል በሚሄድበት ጊዜ ነው። አስከሬኑ የተገኘው ዝሆኖች ውሃ ሊጠጡ በሚወርዱበት መንገድ ላይ ነበር። ደረቱ ደቋል። የግራ እግሩ ጫማ የለውም። ከአንገቱ እስከ ጉልበቱ በተገነጠለ የግራር ቅርንጫፍ፣ በዘንባባ ዝንጣፊና በአሸዋ ተሸፍኗል። እንዲህ አድርጎ ሙት የሚሸፍነው ዝሆን መሆኑን በሰሜን ኬንያ፣ በሳምቡሩ ምድር ያልሰማ የለም። ዝሆን የራሱንም ሆነ የሰውን ሙት አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም።

ስለዚህ ገዳዩ ማን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የሳፋሪ ካምፑ ኃላፊ ሙቲሶ መጀመሪያ በሬዲዮ የጠራው የዱር እንስሳት ተኳሹን ነው፤ ፖሊስ የጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ተኳሹ ከቀኑ አሥር ሰዓት እደርሳለሁ አለ።

ኢንስፔክተር ንኪሮቴ ቀደመችው፤ ከኢሲዮሎ ከተማ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ደረሰች። የደጋው የሜሩ ሰው ናት፤ በዚህ ቆላ ግን አሥራ አንድ ዓመት አገልግላለች። ቀጭን፣ ዝግተኛ፣ ሰው ሲያናግራት ከዓይኑ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ናት። ወደ አስከሬኑ ስትወርድ ከመንገድ ዳር ለምለም ቅጠል ቆርጣ ያዘች፤ ደርሳም በቀስታ አኖረችበት። የአገሩ ሰው ሙት ሲያገኝ እንዲህ ያደርጋል።

«ለወረቀቱ ያህል ነው የጠራንዎት» አለ ሙቲሶ። «ገዳይዋ ያቻትልዎት።»

ከወንዙ ማዶ አንዲት አሮጊት ዝሆን ብቻዋን ቆማለች። ሰዎቹ ንኮኮ ይሏታል፤ አያት ማለታቸው ነው። አንደኛው ጥርሷ አጭር ነው። አትበላም፣ አትጠጣም፤ ወደ እነሱ ታያለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ የቆመችው?»

«አስከሬኑን ካገኘነው ጀምሮ። በስምንት ቀን ውስጥ መኪናችንን ሦስት ጊዜ አባርራለች። እንዲያውም ዘግይተናል።»

«ማን ነበር የሚነዳው?»

«ልፓቲላን። የሟቹ የእህት ልጅ። ሦስቱንም ጊዜ እሱ ላይ ደረሰበት፤ ዕድለ ቢስ ነው።»

ንኪሮቴ ተንበርክካ ክምሩን አንድ በአንድ ማንሳት ጀመረች። ከላይ ሦስት ለምለም ቅጠሎች አሉ፤ አንዱ የራሷ ነው። ቀጥሎ ግራር፣ ጫፉ ተጎልጉሎ የተገነጠለ። ቀጥሎ ዘንባባ፣ ቀጥሎ አሸዋ። ከሁሉም በታች፣ ከሟቹ ደረት ጋር ተጣብቆ፣ አንድ የመፋቂያ ዛፍ ቅርንጫፍ ወጣ። ጫፉን አየችው፤ በስለት በሰያፍ ተቆርጧል። ጥቂት ይዛው ቆየችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ጠዋት እዚህ ማን ማን ነበር?»

«አራታችን። ዘበኛው ሌሲራት አግኝቶት ጮኸ። እኔ፣ ልፓቲላንና ወጥ ሠሪዋ ኖልዶንዮ ሮጠን መጣን። ሌላው ሠራተኛ ዕረፍት ላይ ነው።»

«እርስዎ ቅጠል ጥለዋል?»

«እኔ የካምባ ሰው ነኝ፤ የእነሱን ሥርዓት አላውቅም። ጸለይኩ።»

«ትናንት ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቀው ነበር አሉ።»

ሙቲሶ ባርኔጣውን አወለቀ። «በጠጠሩ ጉድጓድ በኩል መኪና አታሳልፍ አለኝ። ምክንያቱን ስጠይቀው ‹ጠዋት ትሰማለህ› አለኝ። ጠዋት የሰማሁት ሞቱን ነው።»

ዘበኛው ሌሲራት ጦሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ከበሩ ሥር ተቀምጦ ነበር። ከሟቹ ጋር አብረው የተገረዙ እኩዮች ናቸው። በአንድ የጋብቻ ጉዳይ ተጣልተው ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም።

«‹ዝሆን ይርገጠው› ብለው ነበር አሉ፣ አባባ» አለችው።

«ብያለሁ። በሰው ፊት ነው ያልኩት፤ ተደብቄ አላልኩም።»

«ይጠሉት ነበር?»

«አንቺ ልጅ፣ ጥል ምን እንደሆነ የምታውቂ አይመስለኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ሲያልፍ ፊቴን አዞርበታለሁ። እሱም ያዞርብኛል። አንድ ቀን ቀርቶብን አያውቅም። አሁን ከማን ጋር ልጣላ?» ጦሩን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወረ።

«ንኮኮ ገድላዋለች ይላሉ?»

«እሷ እኮ ታውቀዋለች! ሠላሳ ዓመት አጠገቧ ሲያልፍ ጆሮዋን እንኳ አታነቃንቅም ነበር። ግን ምን ይታወቃል፤ ዝሆንም ሲያረጅ እንደኛ ይጃጃላል። በዚህ ሳምንት እኩለ ቀን ላይ የት እንደምትቆም ታውቂያለሽ? ከጠጠሩ ጉድጓድ አፋፍ ላይ። እዚያ ጥላ የለም። ዝሆን በእኩለ ቀን ጥላ የሌለበት ቦታ ይቆማል?»

«ስንት ቀን ሆናት?»

«ስምንት።»

«ግልገል ነበራት መሰለኝ።»

«የእርጅና ልጅ አለቻት፤ ገና ጡት ያልተወች።» ሌሲራት ወደ ወንዙ አየ። «ዛሬ የት ጥላት መጣች?» አለ።

ኖልዶንዮን ያገኘችው ወንዙ ዳር፣ ከአስከሬኑ አጠገብ ነው። ወፍራም ናት፤ የአንገቷ ጨሌ አገጯ ድረስ ተደራርቧል። አሞሮች እንዳይወርዱ በሽመል እየጠበቀች ነበር።

«ልማኪያ ትናንት ማታ...» ብላ ጀመረች ንኪሮቴ።

«ስሙን አትጥሪ፣ ልጄ። የተኛ ሰው ሲጠሩት ይነሳል።»

«ይቅርታ፣ እማማ። የተኛው ሰው ማታ ምን ይሠራ ነበር?»

«ወተት ሰጠሁት፣ አልጠጣም። ‹ኖልዶንዮ፣ የወለድሽው ቢያጠፋ ለሰው ትነግሪበታለሽ ወይስ ራሱ እንዲናገር ትጠብቂዋለሽ?› አለኝ። ‹ልጅ የለህ፣ ምን አስጨነቀህ› ብዬ ሳቅሁበት።» ፊቷን ጠረገች። «አሁን ያ ሳቄ ጆሮዬ ላይ ነው።»

ንኪሮቴ ክምሩን ማፍረሷ ከብዷት ሌላ ቅጠል ቆርጣ ጎንበስ አለች። ኖልዶንዮ እጇን ቸብ አደረገቻት።

«ተይ! ጥለሽ የለም? እዚህ ሸለቆ ለአንድ ሙት አንዴ ነው። ሁለቴ የጣለ ሌላ ሙት ይጠራል።»

ንኪሮቴ ቅጠሉን እንደያዘች ቀረች። «ጠዋት እርስዎ ጥለዋል?»

«እንዴት አልጥልም! ሌሲራትም ጣለ፣ እያለቀሰ። ጠላቱ እኮ ነው።»

ልፓቲላን ከመኪናው ጀርባ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ዓይኑ አብጧል፤ እውነተኛ ልቅሶ ነው። ንኪሮቴ እጁን አየች፤ ከክንዱ ጀምሮ በእሾህ ተቦጫጭሯል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ጎማ ስቀይር፣ ኢንስፔክተር። እሾህ ላይ ወደቅሁ።»

«አጎትህ ናቸው ያሳደጉህ?»

«አባቴን አላውቀውም። ዱካ ማንበብ ያስተማረኝ፣ የአስጎብኚነት ፈቃዴን ያስወጣልኝ እሱ ነው።» ጭንቅላቱን ወደ ወንዙ መለሰ፤ ዝሆኗን ሲያይ ዓይኑን ሰበረ። «ተኳሹ ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?»

«ቸኮልክ?»

«ስታየኝ አልወድም።»

እኩለ ቀን ላይ ዝሆኗ ወንዙን ተሻግራ ሄደች። ንኪሮቴ በመኪና ከሩቅ ተከተለቻት። ጉድጓዱ መንገድ ሠሪዎች ጠጠር አውጥተውበት የተዉት ነው፤ አፋፉ ቀጥ ያለና የሚናድ ስለሆነ ዝሆን አይወርድበትም። ንኮኮ ፀሐይ ውስጥ ቆመች። ኩምቢዋን ወደ ታች ዘረጋች፤ አልደረሰችም። መልሳ ሰበሰበች፤ እንደገና ዘረጋች። ከአፋፉ ዙሪያ መሬቱ በኮቴዋ ክብ ሆኖ ተደልድሏል። ንኪሮቴ ሁለት ሰዓት ያህል መስኮቷን ሳትዘጋ ጠበቀች። ድምፅ አልነበረም። ያ ኩምቢ መውረድና መውጣቱ ብቻ ነበር።

ውሃ ጥም ሲያሸንፋት ዝሆኗ ወደ ወንዙ ተመለሰች። ያኔ ንኪሮቴ ወርዳ ወደ ጉድጓዱ ቀረበች። ከመንገዱ ዳር፣ ከመኪና ጎማ ፈለግ አጠገብ፣ ከጎማ የተሠራ የግራ እግር ጫማ አነሳች። ጉድጓዱ ውስጥ አዲስ የተቆረጠ እሾህ ተከምሯል። በእሾሁ መሃል ያየችውን ካየች በኋላ ቆቧን አወለቀች።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ከወንዙ ዳር ተሰበሰቡ። ተኳሹ ረጅም መሣሪያውን ታቅፎ ደርሷል። ንኮኮ ማዶ፣ ጠዋት የነበረችበት ቦታ ላይ ናት።

«ፀሐይዋ ሳታዘቀዝቅ ልጨርስ» አለ ተኳሹ።

«መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ» አለች ንኪሮቴ፤ ቅርንጫፉን ከቦርሳዋ አወጣች። «ይህ ከክምሩ ሁሉ በታች ነበር። ጫፉን እዩት። ዝሆን ይገነጥላል እንጂ በቢላዋ አይቆርጥም። ዝሆኗ ገድላው ሸፍናው ቢሆን ኖሮ፣ ሰው ያኖረው ቅጠል ከላይ ይሆን ነበር፣ እንደ እናንተ። ይሄ ግን ከሥር ነው። ዝሆኗ ስትደርስ የተኛው ሰው ሞቶ፣ አንድ ሰውም አጠገቡ ቆሞ ሄዶ ነበር። እሷ ያደረገችው መሸፈን ብቻ ነው።»

ሌሲራት «ብዬ ነበር!» አለ።

«እዚህም አልሞተም። በአንድ እግር ጫማ እዚህ ድረስ አልመጣም፤ ሌላውን ያገኘሁት ከጠጠሩ ጉድጓድ ዘንድ ነው፣ ከመኪና ጎማ ፈለግ ጋር። ደረቱን ያደቀቀው መኪና ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ደግሞ የንኮኮ ግልገል አለች። እሷንም የገጨ መኪና ነው፣ ከስምንት ቀን በፊት። ዝሆኗ ስምንት ቀን ጥላ የሌለበት ቦታ የቆመችው ጃጅታ አይደለም። ሦስት ጊዜ ያባረረችውም መኪናውን ሳይሆን የሚነዳውን ሰው ነው። የተኛው ሰው የዝሆኗን አቋቋም አይቶ ነገሩን ደረሰበት፤ ‹ጠዋት ትሰማለህ› ያለው ለዚህ ነው።»

ማንም ወደ ልፓቲላን አላየም። ሁሉም መሬት መሬት አዩ።

«ያም ሆኖ መኪናውን ሌላ ሰው ሊያስነሳው ይችላል ብዬ አሰብኩ» አለች ንኪሮቴ ቀስ ብላ። «ሙቲሶ ቅጠል የመጣል ልማድ የላቸውም። ኖልዶንዮና ሌሲራት ጠዋት በሰው ፊት ጣሉ። ሌሊት ጥለው ቢሆን ኖሮ ጠዋት አይደግሙም ነበር፤ በእናንተ ዘንድ ሁለቴ የጣለ ሌላ ሙት ይጠራል። ከክምሩ ላይ የጠዋት ቅጠል ሁለት ብቻ ነው ያገኘሁት። ጠላቱ የጣለበትን ሰው፣ ያሳደገው ልጅ ሳይጥልበት ቆመ። ለምን፣ ልፓቲላን?»

ልፓቲላን የተቦጫጨረ እጁን አየ።

«ስለጣልኩ» አለ ልፓቲላን። «ደግሜ እንዴት ልጣል?»

ኖልዶንዮ አፏን በእጇ ያዘች።

«ግልገሏ አመሻሽ ላይ መንገድ መሃል ገባችብኝ። እየበረርኩ ነበር። ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብዬ በገመድ ጎትቼ ጉድጓዱ ውስጥ ጣልኳት። ትናንት አጎቴ ‹ነገ ራስህ ተናገር› አለኝ። ሳይነጋ እሾህ ልጨምርባት ሄድኩ። ስጨርስ፣ ስመለስ፣ በመኪናው መብራት ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። እጁን ዘርግቶ። ከመኪናው የሚሸሽ መሰለኝ። ማንንም ሸሽቶ እንደማያውቅ ረሳሁ።» እግሩን አየ። «ፍሬኑ እዚህ ነበር። አልረገጥኩትም።»

«ከዚያ በንኮኮ መንገድ ላይ አስተኛኸው» አለ ሌሲራት። «እሷ እንድትገደልበት።»

«እሷ ከሞተች የሚያየኝ አይኖርም ብዬ ነበር፣ አባባ። ግን ላስተኛው ስል እጄ ራሱ ቅጠል ቆረጠ።»

ሌሲራት ጦሩን አነሳ። ሁሉም ደነገጡ። ሽማግሌው ግን ጦሩን መሬት ላይ ተክሎ ተደግፎበት ቀረ።

ተኳሹ ጥይቱን አንድ በአንድ አወጣና ኪሱ ከተተ። ከዚያ መሣሪያውን መኪናው ውስጥ አስቀምጦ ገመድ ይዞ መጣ። እሱና ሙቲሶ ወደ ጠጠሩ ጉድጓድ ሄደው ግልገሏን በመኪና ጎትተው ሜዳው ላይ አወጧት።

የፖሊስ መኪናው እዚያ ሲደርስ ልፓቲላን እጁ ታስሮ ከኋላ ተቀምጦ ነበር።

«ኢንስፔክተር፣ ያቁሙልኝ።»

«ለምን?»

«ለእሱ ጥያለሁ። ለእሷ ግን እሾህ ብቻ ነው የከመርኩባት።»

ንኪሮቴ የአንድ እጁን ካቴና ፈታችለት። ቢላዋ ስላልነበረው ከመንገዱ ዳር ካለ የመፋቂያ ዛፍ ቅርንጫፍ በእጁ ገነጠለ፤ ጫፉ ተጎልጉሎ ወጣ። ግልገሏ ላይ አኖረው። ቀና ሲል ንኮኮ ሠላሳ እርምጃ ርቀት ላይ ነበረች። ጆሮዋ ተዘርግቷል። እሱ አልሮጠም። ፊቱን ሳያዞር ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ መኪናው ጋ ደረሰ።

ዝሆኗ ቀረበች። ግልገሏን በኩምቢዋ ጫፍ ከራሷ እስከ ጭራዋ ነካቻት። ቅጠሉን አሸተተችው፤ ብዙ ቆየችበት፤ አልጣለችውም። ከዚያ አሸዋ ዘግና ከላዩ አፈሰሰችበት።

የፖሊስ መኪናው ሾፌር እጁን ወደ ቁልፉ ላከ።

«ሞተሩን አታስነሳ» አለችው ንኪሮቴ። «ትጨርስ።»