ድም ድም ድምቡሼ

«ጎማህ የት ፈነዳ?»

«ድልድዩ ጋ። ሁለቴ።»

የይለፍ ቃሉ ገጠመ። ድርቆሽ በጎሚስታው ግቢ ጥግ የአሮጌ ጎማ ክምር ላይ ተቀመጠ። የመጣው ሰውዬ የከብት አርቢዎች ማኅበር ጸሐፊ ነው። የምስጢር ስም ያወጣው እሱ ነበር፤ ለራሱ «አንበሳ»ን ወሰደና ለሰላዩ «ድርቆሽ» ተረፈው።

ድርቆሽ ለእህቱ እንኳ ሳይነግር፣ ለማኅበሩ ሊሰልል፣ ድሮን የሚያበር አንድ ኩባንያ ውስጥ ሦስት ወር ባትሪ ቻርጅ አድርጓል። ሰማያዊ ጃኬታቸውን ለብሶ፣ በቀልዳቸው ስቆ፣ ጥርሱን ነክሶ። ድሮናቸው በየቀኑ በእህቱ በረት ላይ ታንዣብባለች። ሦስት ላሞች አስወርደዋል። እህቱ በገዛ ግቢዋ ልብስ ለማስጣት እንኳ ትሳቀቃለች። ኩባንያው «ካርታ ነው የምናነሳው» ይላል።

ካርታ! ላም ጀርባ ላይ ምን ካርታ አለ?

ማስረጃው ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው፤ ካርዱ ቀኝ ጫማው ውስጥ። ቅሬታ ሰሚ ጉባኤው ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ይቀመጣል። ማስረጃ ካልቀረበ መዝገቡ ይዘጋል፤ እህቱም በረቱን ለእነዚያው ሰዎች ሸጣ ትወጣለች።

«በል አምጣው» አለ አንበሳ። «ምን ምን አለበት?»

«ሁሉም። ቀኑ፣ ከፍታው፣ የአለቃው ትእዛዝ።»

«ያንተም ድምፅ አለበት አይደል?» አንበሳ ሳቁ አመለጠው። «‹ድም ድም ድምቡሼ!› በሳቅ ሞትን እኮ!»

ኮምፕረሰሩ ጠፋ። ግቢው ጭር አለ።

ሞትን።

እነማን ናችሁ የሞታችሁት?

ያን ቀን አብራሪው ታሞ ቀርቶ ነበር። አለቃው መቆጣጠሪያውን ድርቆሽ እጅ ላይ ጣለለት። እምቢ ቢል የሦስት ወር ልፋቱ አፈር ሊበላ ነው። ከአለቃው ክፍል፣ ድምፅም በሚቀርፀው ስክሪን ፊት ቆሞ አበረረ። በገዛ እህቱ ላሞች ላይ። አንዷ ደንብራ ወደ ቦዩ ስትሮጥ ራሱን ረሳና እናቱ በሕይወት ሳለች ከብት ትጠራበት የነበረውን ቃል ጮኸ። ላሟ የት ትስማው! ቦዩ ውስጥ ወድቃ ቀረች። ጩኸቱን የሰማው አለቃው ክፍል ውስጥ የነበረ ብቻ ነው።

አንበሳ እዚያ ነበር ማለት ነው።

ድርቆሽ በበሩ አሻግሮ አየ። ነጭ ፒክአፕ። ሁለት ሰዎች። ሞተሩ አልጠፋም።

እጁ አጠገቡ ያለውን ጎማ መፍቻ ጨበጠ። አናቱን ቢለው ምንኛ ደስ ባለው! ግን ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሆኗል። ለቀቀው።

እንዲህ ላለው ቀን ግራ ጫማው ውስጥ ሌላ ካርድ ነበር። አወጣው።

«ይኸውልህ። እጄን ታጥቤ ልምጣ።»

ካርዱ ላይ ያለው የአለቃው ልደት ነው፤ ኬክ ሲቆርስ ከላይ የተቀረፀ።

ጓሮ ጎሚስታውን የተበሳ የጎማ ካላማዳሪ ሲለጥፍ አገኘው።

«ወንድሜ፣ ቱታህን አውሰኝ።»

«ከነግሪሱ?»

«በተለይ ግሪሱን።»

«አጥበህ ነው የምትመልሰው፣ እንዳትቀልድ!»

ፊቱን በግሪስ አበሰ። የጭነት መኪና ጎማ እያንከባለለ በዋናው በር ወጣ።

ሁለቱ ሰዎች ሰማያዊ ጃኬት ነበር የሚጠብቁት።

ጎማው የአንዱን ጫማ ነካ።

«አይንህ አያይም እንዴ አንተ!»

«ይቅርታ ጌታዬ።»

ይቺን ይቅርታ እስኪሞት አይረሳትም።

ከጉባኤው አዳራሽ በር ላይ ጎማውን አቁሞ ካርዱን ለመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ሰጣት።

«ከማን ልበል?»

«ከጎሚስታ።»

ውስጥ የኩባንያው ጠበቃ ከረባቱን ያስተካክላል። «ድሮናችን ከመቶ ሜትር በታች ወርዳ አታውቅም» አለ። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ በራ። ከፍታ፣ አስራ ሁለት ሜትር። የአለቃው ድምፅ መጣ፦ «ዝቅ አድርጋት! እስኪሸጡልን ድረስ ዝቅ!»

ቀጥሎ ሌላ ድምፅ፦ «ድም ድም ድምቡሼ! ነይ ወዲህ!»

እህቱ ከወንበሯ ብድግ አለች።

በሕይወት ካሉት ሰዎች ላም እንዲያ እያሉ የሚጠሩት ሁለት ናቸው። አንዷ እሷ ናት።

«እመቤት፣ ይህን ድምፅ ያውቁታል?» አለ ሰብሳቢው።

ዐይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፦ «እንደዚያ እያለ ከብት የሚጠራ ወንድም ነበረኝ። እሱ ግን ላም አያስደነብርም» አለች። «አላውቀውም።»

የኩባንያው የበረራ ፈቃድ እዚያው ተሰረዘ። ጠበቃው ቦርሳውን ዘጋ።

ሕዝቡ ሲወጣ ድርቆሽ ጎማውን ተደግፎ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። እህቱ ፊቱ ደርሳ ቆመች። ግሪሱን አየች። ከግሪሱ ሥር ያለውን አይን አየች። አወቀችው።

ሊናገር አፉን ከፈተ።

«አንተ ጎሚስታ» አለች፤ «መንገድ ልቀቅ።»

ለቀቀላት።