ተሳፋሪ ዘመዴ

በ«ዋንዛ» ላይ ወተት አይረጋም፤ ሥጋ አይሸትም፤ ሐሙስ የተጋገረ ዳቦ ማክሰኞም ትኩስ ነው። መርከቧ ከምድር ተነሥታ በጠፈር ስትጓዝ ዓመታት አልፈዋልና ተሳፋሪው ይህን ለምዶታል። የምግቡ ጠባቂ «መላሽ» ነው፤ የተበላሸውን ወደ ነበረበት የሚመልስ መሣሪያ ማለት ነው። በረዶ ቢቀልጥ አይነካውም፤ ቀለጠም ረጋም ያው ውሃ ነው። ወተት ቢኮመጥጥ ግን ባሕርዩ ተለውጧልና መልሶ ትኩስ ወተት ያደርገዋል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም የሚለው ተረት እዚህ የሚያስቀው ልጆችን ብቻ አይደለም።

እትዬ አስካለ ይህን ሁሉ ከጉዳይ ጥፈውት አያውቁም። የእሳቸው ጭንቅ ሌላ ነው። የአንድ ልጃቸው የሕሊና ሠርግ ተቃርቧል፤ ጠጁ ግን እምቢ ብሏል። በአገራቸው ስማቸው ሲነሣ ሰው ምራቁን የሚውጥላቸው ጠጅ ጣይ፣ ደጋግመው ቢጥሉ ደጋግሞ አልፈላ አላቸው። ቢቸግራቸው የመርከቧን የቁስ ባለሙያ፣ ሰናይትን፣ ጠርተው ጋኑን ከፈቱላት።

«እጄ ከዳኝ፣ የኔ ልጅ» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ያለ ጠጅ ልዳራት? እናቴ ያወረሰችኝ ይኼንኑ እጅ ነበር። ለሕሊና ምን ላወርሳት ነው?»

ሰናይት ቀመሰች። ይጣፍጣል፤ የጌሾው ምሬትም አለ። ጉሮሮ የሚያሞቅ ነገር ግን የለውም፤ ብርዝ ነው።

«እጅዎ ቢከዳዎት ጣዕሙ ገና ከመነሻው ይዛባ ነበር» አለች። «ይኼ ግን ልክ እንደ ተጣለበት ቀን ነው። ማር በውሃ ሲበረዝ መላሽ ዝም ይላል፤ ሟሟ እንጂ ማርነቱን አልተወም። ወደ አልኮል መለወጥ ሲጀምር ነው ‹ተበላሸ› ብሎ የሚመልሰው። ጉድ የሠራዎት እሱ ነው፣ እትዬ።»

«አበስኩ ገበርኩ! ታዲያ ይኼን ምቀኛ አታጠፊውም?»

«ካጠፋሁት የሁላችንም ቀለብ ይበላሻል።»

እትዬ አስካለ ቁጭ አሉ። እፎይ ብለዋል፤ እጃቸው እንደ ድሮው ነው። ጠጁ ግን አሁንም የለም።

ሰናይት ጋኑን ስታይ ቆየችና ሳቋ መጣ። መላሽ በተሳፋሪነት የተመዘገበን ሕይወት ያለው ነገር እንዳይነካ ተከልክሏል፤ ባይከለከል ኖሮ ሽማግሌውን ሁሉ እየመለሰ ጡት ያስጠባን ነበር። ጠጁን የሚያፈላውስ እርሾ አይደል? ዓይን አያየው እንጂ ሕይወት አለው።

«መላሽ፣ አዲስ ተሳፋሪ መዝግብ። ጋኑ ውስጥ ነው ያለው።»

«ስሙስ?» አለ መላሽ።

ሰናይት ወደ እትዬ ዞረች።

«ዘመዴ በይው» አሉ ሳያመነቱ። «ለሠርግ የመጣ አይደል እንዴ?»

ከዚያ ወዲያ ጋኑ መተንፈስ ጀመረ። እትዬ አስካለ ጠዋት ጠዋት ጆሯቸውን ይለጥፉበታል፤ ሲፍለቀለቅ ሲሰሙ «እሰይ፣ ዘመዴ!» ይላሉ። ጎረቤቱም «ዘመዴ እንዴት አደረ?» ማለት ያዘ። አይ ሰው፣ ለጋንም ይጨነቃል።

ሠርጉ ደረሰ። ብርሌው ዞረ፤ እስክስታው ደራ፤ ያልጠጣ ሠርገኛ የለም። የመጨረሻው ብርሌ ሲቀዳ ቀይ መብራት በራና ዘፈኑ ቀጥ አለ።

«ተሳፋሪ ዘመዴ ጠፍቷል» አለ መላሽ። «እየፈለግሁ ነው።»

ሰናይት ክው አለች። ስሙን መሰረዝ ጭራሽ ረስታዋለች።

«ተገኝቷል» አለ መላሽ ጥቂት ቆይቶ። «በሠርገኛው ሁሉ ውስጥ ነው። እየተለወጠ ስለሆነ ከቆየ አይመለስም። ከፈቀዳችሁ አሁኑኑ አውጥቼ ወደ ነበረበት ልመልሰው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እትዬ አስካለም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ከዚያ ዓይናቸው ልጃቸው ላይ ዐረፈ። ሕሊና የሙሽራውን እጅ እንደ ያዘች ትንከተከታለች። ከዛሬ ጀምሮ የእናቷ ክፍል ማደሪያዋ አይደለም። የእናት ሆድ ባባ፤ ግን ደስታም ነበረበት።

«ተወው፣ ልጄ» አሉት መላሽን፣ መሣሪያ መሆኑን ረስተው። «አይመለስ። እንዲህ እንዲሆን ነው የጣልኩት።»

«እንግዲያው ተሳፋሪ ዘመዴ የት ነው ልበል?»

እትዬ አስካለ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረግ አደረጉ።

«ቤቱ ገብቷል በል» አሉት።

ቀዩ መብራት ጠፋ፤ ዘፈኑም ካቆመበት ቀጠለ።