የሱፍዋን አዝማሪ

«አንገቱን ነው የምመታው» አለ ኤልናታን፣ ሃያ ገጽ ያለውን ዳይስ በመዳፉ እያንቀጫቀጨ። «ተኝቷል አላልሽም? እንግዲያው አይነቃም።»

እያንዳንዱ የራሱን ገጸ ባሕርይ የሚጫወትበትን ጨዋታ የምትመራው ሮሃ ናትና ማን እንደተኛ አሳምራ ታውቃለች። ኪሌሌሽዋ ሰፈር ባለው ቤታቸው የምግብ ጠረጴዛ ላይ በተዘረጋው ካርታ፣ ከእሳቱ አጠገብ የተኛው የሱፍዋን አዝማሪ ነው። ሱፍዋን ራሱ ዛሬ አልመጣም፤ ወንበሩ ባዶ ነው።

«የእኛው ሰው እኮ ነው!» አለች ጎረቤታቸው ምርቃት። «ባለፈው ቅዳሜ ከጅቦቹ ያዳነህ እሱ አይደል?»

«ሰኞ ከስኩል ይባረራል፤ ከእንግዲህ አይጫወትም።» ዳይሱን ወረወረ። አስራ ዘጠኝ። «በቃ! ጭንቅላቱ ተንከባሎ እሳቱ ውስጥ ገባ። ደሙ ሲንጨረጨር ይሰማል። ጻፊው!»

ሮሃ አልጻፈችም። የወንድሟን እጅ ነበር የምታየው። የጣቶቹ አንጓ ላይ ያለው ቁስል ገና አልሻረም። ሐሙስ ዕለት፣ ከላብራቶሪው ጀርባ፣ ጓጉንቸር በጡጫው ጨብጦ ሱፍዋንን አፉ ላይ ሲመታው አይታለች። ያውም በሰው ፊት «ፈሪ» ስላለው ብቻ። ልጁ ከወደቀ በኋላም አልተወውም፤ ጥርሱ ሲሰበር ድምፁን ሰምታለች። ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ ዲፒዩቲው፣ ጠርተው ሲጠይቋት ግን «ሱፍዋን ነው የጀመረው፤ ጓጉንቸሩም የሱ ነው» አለቻቸው። ወንድሟ ነዋ!

«ሳዋ፣ እሺ በቃ፣ እንቀጥል» አለ ኤልናታን።

«አንቀጥልም። ደም አለብህ» አለችው፣ ደብተሩን ወደ ራሷ ስባ።

ደብተሩ የሷና የሱፍዋን የጋራ ሥራ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈው የጨዋታው ሕግ መጽሐፍ ገጸ ባሕርያቱን ሁሉ ደግና ክፉ ብሎ ይከፍላቸዋል። ይሄ ለሱፍዋን አልተዋጠለትም። «ሰው ፎርም ሞልቶ ነው እንዴ ክፉ የሚሆነው?» ብሎ ሳቀና አብረው ሰረዙት። አስማተኛው ደብተራ ሆነ፣ ዘፋኙ አዝማሪ፣ ሌባው ሽፍታ። በደግና በክፉ ፈንታ ደግሞ ደም ገባ። ያለ አግባብ የገደለ ደም አለበት፤ ድንጋይ ተሸክሞ የሟች ወገን ፊት ወድቆ እስኪታረቅ ድረስ ሰይፉ አይቆርጥለትም።

ኤልናታን ሳቀ። «እሺ፣ ድንጋዬን ተሸከምኩ። ዳይስ ልወርውር?»

«በዳይስ አይሆንም። የአዝማሪው ባለቤት ይቅር ሲልህ ነው።»

«ቆይ፣ የኔ ደብተራስ?» አለች ምርቃት። «ነቅታ ነበር። አይታ ዝም አለች። እሷም አለባት?»

ሮሃ ገጹን ገለጠች። ከታች፣ በሱፍዋን ጠማማ የእጅ ጽሑፍ፣ አንድ መስመር አለ። ጮክ ብላ አነበበችው፦

«አይቶ የሸሸገም ደም አለበት።»

ኤልናታን ሳቁን ዋጠ። ድንገት እጇን አፈፍ አድርጎ ጠመዘዘው። ዳይሶቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ፣ ካርታው ለሁለት ተቀደደ። «እንዳታስቢው! እኔን ነው የሚያባርሩኝ። ባባ ይገድለኛል!»

«ልቀቀኝ፣ አመመኝ!»

«ወንድምሽ ነኝ እኮ!»

«ነህ። ለዚህ ነው የዋሸሁት።»

ምርቃት ወንበሯን ገፍትራ ተነሳች። ያኔ ለቀቃት። የአራት ጣቶቹ ምልክት ክንዷ ላይ ቀልቶ ቀረ።

«ዛሬ ለሱፍዋን፣ ሰኞ ለዲፒዩቲው እነግራለሁ» አለች ሮሃ እንባዋን እየጠረገች። «አብረኸኝ ብትመጣ ይሻልሃል።»

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወረደች። ከዘበኛው፣ ከአስካሪው፣ ቤት አጠገብ፣ አበባውን ዙሪያውን ካጠሩት ድንጋዮች አንዱን ፈንቅላ፣ ከነጭቃው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ማሰሪያው ትከሻዋን ቆረጣት። የሱፍዋን ሰፈር ኢስሊ ለመድረስ ሁለት ማታቱ ታክሲ መያዝ አለባት፤ የሱፍዋን እናት በሩን ሲከፍቱላት ምን እንደምትላቸው ገና አታውቅም።

ቀና ስትል ኤልናታን መስኮቱ ላይ ቆሞ ያያታል። ጎንበስ አለችና ሌላ ድንጋይ አነሳች፤ ከያዘችው የሚከብደውን። ከደረጃው ግርጌ አስቀምጣለት ወደ ማታቱው ሄደች።