ከማንሻው ሥር

የሉዬን አባት በማለዳ ሞቱ። ቪኝ እስከ ማታ ድረስ ሊያገባት ይችል ነበር፤ አላገባትም።

በናም ዲኝ ከተማ አባት የሞተባት ልጅ ሦስት ዓመት ሳይሞላ አታገባም። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ማን ማንን ይጠብቃል? ስለዚህ ሰው መላ አለው። ሞት ሲመጣ አፍ ይዘጋል። ሬሳው ብርድ ልብስ ለብሶ በሽተኛ ይሆናል፣ ማንም አያለቅስም፣ የወንዱ ወገን በዚያው ቀን የጥሎሽ ትሪውን ተሸክሞ ይመጣና ሙሽራዋን ወስዶ በቤቱ የሟች ዘመዶች መሠዊያ ፊት ያሰግዳታል፤ በቃ፣ ሚስት ሆነች። «ሞተ» የሚባለው ከዚያ ወዲያ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ አንድም ሰው ትንፍሽ አይልም።

የተገናኙት ዝናብ መንገዱን ወንዝ ባደረገው ቀን ነበር። የሉዬን ሞተር ሳይክል መሀል ጎርፍ ላይ ሞተሩ ጠፍቶ ቆመባት። ቪኝ የእግረኛ መንገድ ላይ የሚሠራ መካኒክ ነው፤ ውኃው ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ ቡሎን ሲፈታ እሷ ጃንጥላ ይዛ ቆመች።

«አስተማሪ ነሽ፣ አይደል?» አላት ከሥር ሆኖ።

«በምን አወቅህ?»

«ሰው ሲሰምጥ ቆመሽ ታያለሽ።»

በሳምንቱ ምንም ያልሆነውን ሞተር እየገፋች መጣች። ድምፅ ያሰማል አለችው። ቪኝ ጆሮውን አስጠግቶ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ዓይኗን አየ። «እውነትሽን ነው፤ ይሰማኛል» አለ። ሞተሩ አልተነሳም ነበር።

ቀኑን ሙሉ አስፋልት ላይ ተንበርክኮ ስለሚውል ወገቡ አልቆ ነበር። ደንብ አስከባሪዎችም ከእግረኛ መንገዱ ያባርሩታል። ቤት ውስጥ ጋራዥ ለመክፈት ቆረጠ። ቤቱ እንደ ሰፈሩ ቤት ሁሉ ጠባብና ረጅም ነው፤ ከፊት መንገዱ፣ ከኋላ ግድግዳው ላይ የሟቾቹ መሠዊያ፣ በመሀል አንድ ክፍል። ሞተር አንስቶ ቆሞ የሚሠራበትን ማንሻ የነደፈችለት ሒሳብ አስተማሪዋ ሉዬን ናት፦ እንደ መቀስ የሚተላለፉ አራት እግሮች፣ ከፀጉር ቤት ወንበር የተፈታ ክሪክ፣ እንዳይወድቅ የሚይዘው መቆለፊያ ብረት። እሱ ይበይዳል፣ እሷ ሜትር ትይዛለች። ጣታቸው አንድ ቁጥር ላይ ሲገናኝ ሁለቱም ቁጥሩን ይረሱታል፣ እንደገና ይለካሉ።

«መቆለፊያውን ከውጭ አድርገው፤ እጅ እንዲደርስበት» አለችው።

«ያስጠላል» አለና ከውስጥ በየደው።

አባቷን ጉበት የያዛቸው ያኔ ነው። ሉዬን ትዕግሥት ከሚባል ነገር ጋር አትተዋወቅም።

«አባዬ ጊዜ የለውም። በዚህ ሳምንት እንጋባ።»

«ማንሻው ይለቅ እንጂ። ሰው ለሠርግ መጥቶ የብረት ክምር ይይ?»

«አባዬ አይጠብቅህም።»

«ጠንካራ ሰው ናቸው። እስከ ወሩ መጨረሻ ነፍሳቸውን ያዝ ያድርጓት በያቸው።»

ሳቀች። ታፈቅረው ስለነበር ሳቀች።

ማታ አባቷ ቢጫ ዓይናቸውን ገልጠው «ያ ብረት አላለቀም?» አሏት።

«ሊያልቅ ነው፣ አባዬ።»

«እኔም» አሉ።

የሞቱ ዕለት እናቷ አገጫቸውን በሻሽ እያሰረች «እንዳታለቅሺ» አለች። ከዚያ አጠገባቸው ተቀምጣ ማራገብ ጀመረች፤ በመስኮት የሚያይ ሰው ይይ ብላ። ቪኝ ጋ መልእክት ተላከ። ሉዬን ቀዩን የሙሽራ ቀሚስ ለብሳ ጠበቀች። ረፋዱ አለፈ። ቀትር ሆነ። ትሪ የያዘ ሰው የለም።

«ሂጂና እዪ» አለች እናቷ። «ሙሽራ በእግሯ አትሄድም። ሬሳም በዚህ ሙቀት አይቆይም።»

የቪኝ ቤት ስትደርስ አጎቶቹ ደጅ ላይ ትሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ትሪው መጀመሪያ መሠዊያው ፊት ካልቀረበ አይነሳም። መሠዊያው ጋ ደግሞ የሚያደርስ መንገድ የለም። ሰማያዊ ቀለም የተቀባው ማንሻ የደንበኛ ሞተር ተሸክሞ ክፍሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ዘግቶታል።

ቪኝ ፊቱ በግራሶ ተለውሷል። «ትናንት ቀብቼ ሞከርኩት። ወጣ፤ አልወርድ አለ። መቆለፊያው ውስጥ ታጥፏል፤ እጅ አይገባም።»

«እግሩን ቁረጠው። አጎቶችህ ሞተሩን ይደግፉታል።»

የብረት መቁረጫውን አነሳ። አስነሳው። አጎቶቹ ትሪያቸውን አስቀምጠው ገቡ። ቪኝ የሚሽከረከረውን ምላጭ ወደ ሰማያዊው እግር አስጠጋ፤ ቆመ፤ አጠፋው።

«ሉዬን፣ ይህን ከቆረጥኩ እንደገና ከዜሮ ልጀምር ነው።»

«ቁረጥ፣ አንተ ደንቆሮ!» አለች እናቱ፣ እትዬ ንጋን። «ሚስትህ ናት እኮ የቆመችው!»

«ገና መች ሰገደችና?» አለ። ከዚያ ፊቱ በራ። «ከሥሩ ሹልክ በዪ! ወለሉን ጠርጌዋለሁ።»

«ሙሽራ እንደ ዶሮ?» አለ አንዱ አጎት። ሌላው ሳቁን ለማፈን ሳለ።

ሉዬን ብርድ ልብስ የለበሱት አባቷና የምታራግበው እናቷ ታሰቧት። ቀሚሷን ሰብስባ ተንበረከከች። መዳፏን ሲሚንቶው ላይ አሳርፋ ራሷን ከማንሻው ሥር አስገባች። የፈሰሰ ዘይት ጉልበቷን አራሰው። ቀና ስትል ቪኝ ጎንበስ ብሎ፣ በጭንቀት አፉን ከፍቶ፣ እጁን ወደ እሷ ሲዘረጋ አየችው። ሊይዛት መስሏት እጇን ከወለሉ አነሳች።

እጁ በራሷ ላይ አለፈና የማንሻውን እግር ከለለ።

«ቀስ» አለ። «ዝቅ በዪ፤ ቀለሙ አልደረቀም።»

ያነሳችውን እጇን መልሳ ሲሚንቶው ላይ አሳረፈች። ከዚያ ወደ ኋላ ተሳበችና ተነሳች።

«ምነው? ደርሰሽ ነበር እኮ!»

ሉዬን የእትዬ ንጋንን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«እትዬ፣ አባዬ ሞቷል» አለች። ደጅ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ነው ያለችው።

አጎቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ፤ ትሪውን አንስተው ወደየቤታቸው ሄዱ። እትዬ ንጋን መሬት ላይ ተቀመጠችና ደረቷን መምታት ጀመረች።

«ምን አስወራሽ?» ብሎ ጮኸ ቪኝ። «ሦስት ዓመት እኮ ነው! ሦስት ዓመት!»

«ሒሳብ አስተምራለሁ» አለችው፤ ያኔ ነው እንባዋ የመጣው። ወጣች፤ የቤቱን ተጣጣፊ የብረት በር ከውጭ በሁለት እጇ ጎትታ ዘጋችው።