ጥቅሉ ሲቀየር

ልብስ ሰፊዋ ወደ ሲኒማ ቤቱ የመጣችው ፊልም ለማየት አልነበረም። የመድረኩ መጋረጃ ተቀዶ ነበር፤ እሱን ልትጠግን ነው።

ፊልም የሚያሳየው ወጣት ከላይ፣ ከማሽኖቹ ክፍል፣ በትንሿ መስኮት ያያታል። ቀና ስትል ዐይን ለዐይን ይገጣጠማሉ። ያን ጊዜ ጨርቅ አንሥቶ ማሽኑን ይወለውላል። ማሽኑ ግን ንጹሕ ነው።

የሲኒማ ቤቱ ባለቤት አክስቱ ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ይህ ማሽን በመወልወል ብዛት ሊያልቅ ነው» አሉት።

መጋረጃው ሲያልቅ ልጅቷ መሄዷ ነው። ስለዚህ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚወደውን የድሮ ፊልም እንድታይ ጋበዛት። የመሳፍንት ዘመን ታሪክ ነው፤ አንድ ፈረሰኛ መስፍንና አንዲት የወፍጮ ቤት ልጅ ይዋደዳሉ። ፊልሙ ሲያበቃ የልቡን ሊነግራት አስቧል።

ልብስ ሰፊዋ ግን ፊልሙ ገና ሳይጋመስ ተነሥታ ወጣች።

በማግስቱ ለሥራዋ ስትመጣ በር ላይ ጠበቃት።

«ምን አስቀየመሽ?»

«አንተ ይህን ፍቅር ትለዋለህ?»

«ይዋደዳሉ እኮ! በፈረስ አብረው ሄዱ።»

«ሄዱ? ወሰዳት እንጂ! እንቢ እያለች ጎትቶ ጫናት። እህል እንኳ ሲጫን ባለቤቱ ይጠየቃል።»

«እንዲህ ያለ ነገር የለበትም። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ፊልም ነው።»

«እንግዲያው ዐይንህን ታከም» አለችና አልፋው ገባች።

ፊቱ ጠቆረ። አክስቱ ሁሉንም ሰምተዋል።

«ውረድና እንደ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጠህ እየው» አሉት። «ማሽኑን እኔ እይዛለሁ። አንቺም ልጄ፣ መርፌሽን አስቀምጪ።»

አዳራሹ ባዶ ነበር። በመካከላቸው አንድ ወንበር ትተው ተቀመጡ።

የመጀመሪያው የፊልም ጥቅል ወደ ማለቂያው ደረሰ። መስፍኑ ከፈረሱ ወረደ። ልጅቷ የወፍጮ ቤቱን በር ሙጭጭ አድርጋ ያዘች። «አልፈልግም! ተወኝ!» አለች። ጣፋጭ ሙዚቃ ድምጿን ዋጠው። መስፍኑ ጣቶቿን ከበሩ አንድ በአንድ ፈለቀቃቸው።

በዚህ መሐል ሸራው ነጭ ሆነ። አክስቱ ቀጣዩ ጥቅል ያለበትን ሁለተኛውን ማሽን በጊዜ አላስነሡትም።

ወጣቱ ዞሮ ወደ ትንሿ መስኮት ቀና አለ።

«ጥቅል የሚቀየርበት ቦታ ነው» አለ። «ሁልጊዜ እዚህ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ሌላውን ማሽን አዘጋጃለሁ። ዞር ስል ፈረሱ ላይ ናት። ወዳ የወጣች ይመስለኝ ነበር።»

አየችው። ሳቋ አመለጣት።

«ዕድሜህን ሙሉ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ።»

«ምን ሆነ? ምን አመለጠኝ?» ብለው ጮኹ አክስቱ ከላይ።

«ያን ቦታ ቆርጬ እጥለዋለሁ» አለ ወጣቱ።

«እንዳታደርገው!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ከቆረጥከው ሰው ሁሉ እንደ አንተ ሊያየው ነው። ይታይ፤ ሙሉውን። ከዚያ መብራት አብሩና ተመልካቹ ይከራከርበት።»

«አንቺስ ትመጫለሽ?»

«ማን ይቀድመኛል!»

ጉሮሮውን ጠረገ። «መስፍኑ ያልጠየቀውን ልጠይቅሽ?»

«ጠይቅ።»

«ብወድሽ ትፈቅጃለሽ?»

«ላስብበት።»

ጠበቀ። ዐይኑን ከነጩ ሸራ አልነቀለም። ሸራው ላይ ፈረሱ ድንገት ብቅ ሲል በመካከላቸው ያለው ወንበር ባዶ አልነበረም።

«አሰብኩ» አለችው።

«መጋረጃውስ መቼ ያልቃል?»

«አልቆ ሰነበተ» አለች። «እኔም እንደ አንተ ንጹሕ ማሽን ስወለውል ነው የከረምኩት።»