አቤት የማይባልበት ተራራ

የሰንደራ ከተማ ከመቆርቆሯ በፊት ተራራው ነበረ። ነገሥታት መጥተው ግንብ ገነቡ፣ አደባባይ ዘረጉ፣ ቤት በቤት ላይ ተደራረበ፤ እሱ ግን ከመሐላቸው ንቅንቅ አላለም። ጽዋዔ ይሉታል። ወደ ሐመልማን መንግሥት የሚመጣ መንገደኛ የከተማዋን ግንብ ከማየቱ በፊት የጽዋዔን አናት ያያል፤ ሳያስበውም ከበቅሎው ወርዶ ባርኔጣውን ያወልቃል። ማንም አላዘዘውም። እንዲህ ያለ ነገር ፊት ተቀምጦ ማለፍ ያሳፍራል።

ተራራው ከወገቡ በታች የሰው ነው። በበዓል ቀን ሙሽሮች በጥዶቹ ጥላ ይንሸራሸራሉ፣ ልጆች በሣሩ ላይ ይንከባለላሉ፣ ቆሎ ሻጮች እየተጣሩ ያልፋሉ። ከወገቡ በላይ ግን የራሱ ነው። እዚያ የዝምታ በር የሚባል የድንጋይ ቅስት አለ፤ ከቅስቱ ያለፈን ሰው ተራራው በስሙ ይጠራዋል። አንዳንዱን በእናቱ ድምፅ፣ አንዳንዱን በሞተ ወንድሙ ድምፅ። ተጠርቶ «አቤት» ያለ ሰው ተመልሶ አያውቅም። ስለዚህ የሰንደራ ልጅ ገና አፉን ሲፈታ የሚማረው ነገር ይህ ነው፤ ጽዋዔ ሲጠራህ ምላስህን ያዝ።

ታዲያ በንጉሥ ዘርዓ ሰንደር ዘመን፣ በአንድ ንጋት፣ ሆኖ የማያውቅ ነገር ሆነ። ተራራው ከበሩ አልፎ ወደ ከተማዋ ተጣራ። ዶሮዎች ዝም አሉ፣ ውሾች ከአጥር ሥር ተሸሸጉ፣ ንጉሡም ከአልጋው ተነሥቶ በሌሊት ልብሱ ሰገነት ላይ ቆመ። ከዳር እስከ ዳር የተሰማው አንድ ስም ነበር፦ ዋጋዬ።

በሰንደራ ዋጋዬ የምትባል አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ የሸክላ ሠሪዋ የወይዘሮ ስኂን ልጅ። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት ደግሞ ሦስቴ ሳይጠሯት ባለመስማቷ ነው። እናቷ ከጓሮ ሆና ውሃ አምጪልኝ ብላ ትጣራለች፤ ልጅቱ ተራራውን እያየች ፈዛ ቆማለች። ወይዘሮ ስኂንም ጆሮሽን ለማን አበደርሽው ትላታለች፣ ከእናትሽ ተራራ ይሻልሻል ወይ ትላታለች። ያን ዕለት ንጋት ግን ያው ጆሮ ተመሰገነ። ወይዘሮ ስኂን ጭቃ ያቦካችበትን እጇን ሳትታጠብ ሮጣ የልጇን አፍ ግጥም አድርጋ ያዘች። ዋጋዬ የነቃችው የእናቷን የሸክላ አፈር እየቀመሰች ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጽዋዔ ምንጭ መድረቅ ጀመረ። ሐመልማን ሌላ ውሃ የላትም፤ ወንዞቿ ሁሉ የሚወርዱት ከዚያ አናት ነው። ወንዙ ቀጠነ፣ ድንጋዩ አገጠጠ፣ ጭቃ የሚያቦካ ውሃ ያጣች ሸክላ ሠሪም እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ከመኳንንቱ አንዳንዶቹ ልጅቱ ትሰጥ አሉ። ንጉሡ ግን ጨዋ ሰው ነበር፤ ንጉሥ ጠማኝ ብሎ ሰው አይሸጥም ብሎ ዝም አሰኛቸው።

ዋጋዬ ማንም ሳይጠራት ችሎቱ ፊት ቀረበች። እጅ ነሥታ እንዲህ አለች፦ «ጃንሆይ፣ የተጠራሁት እኔ ነኝ፤ የሚጠማው ግን አገር ነው። ስለዚህ እወጣለሁ። ተራራው ውሃችንን የነፈገን በምን በደላችን እንደሆነ ደጁ ላይ ቆሜ እጠይቀዋለሁ። የምሄደው አቤት ልለው አይደለም፤ አቤት ልልበት ነው።»

ንጉሡ ከዙፋኑ ወረደ። ከዚያም ካባውን አውልቆ አለበሳት።

ወይዘሮ ስኂን በበኩሏ የቤታቸው በር ላይ ቆማ አቤት እንዳትዪው ማይልኝ አለች። መቃኑን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ዋጋዬ የእናቷን ጉልበት ስማ ማለች፦ «አቤት ካልኩት አንቺን ያሳጣኝ።» ከዚህ የከበደ መሐላ በሐመልማን የለም፤ ወይዘሮ ስኂንም ይህን ሰምታ መንገድ ለቀቀች።

አብረዋት ሁለት ሰዎች ወጡ። አንደኛው የዝምታ በር ዘበኛ ባሻ ቢረሳው ነው፤ ጥርሱን የነቀለው በዚያ በር ላይ ነው፣ ዱካውን ሁሉ ያውቃል። ሚስቱ በወጣትነቷ እንጨት ለቀማ ከበሩ አልፋ፣ ተጠርታ፣ መልሳ ቀርታለች። ሁለተኛው አዝማሪ አጥናፉ ነው፤ ከዋጋዬ ጋር አፈር ፈጭቶ ውሃ ተራጭቶ ያደገ የጎረቤት ልጅ። ማንም ና አላለውም። መሰንቆውን አንግቶ ከኋላቸው ሲከተል ባሻ ምን ልትሠራ ነው ቢለው፣ ይህን የመሰለ ነገር ያለ አዝማሪ ቢሆን እንዳልሆነ ይቆጠራል ብሎ መለሰ። እውነቱን ለመናገር ግን የሚከተለው ዋጋዬን ነበር። ይህን ከእሷ በቀር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

በሩ ሥር፣ ከደረቀችው ትንሽ ምንጭ አጠገብ ሲደርሱ ባሻ አቆማቸው። ከዚህ በኋላ እንደልባችሁ አውሩ፣ ብትፈልጉ እኔን ስደቡኝ፣ ያቺ አንዲት ቃል ግን ከአፋችሁ እንዳትወጣ አለ። ቅስቱ ላይ የጥንቱ ንጉሥ ሐመል ታሪክ ተቀርጿል። ከተማዋን የቆረቆረው እሱ ነው፤ ዜና መዋዕሉ በጦር ሜዳ ወደቀ ይላል። ድንጋዩ ግን ሌላ ይላል። በመጨረሻው ሥዕል ንጉሡ ብቻውን፣ ያለ ጋሻ፣ አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሠራዊቱ ከታች ያለቅሳል። ዋጋዬ የቱን እንመን ብትለው ባሻ፣ ጸሐፊ የንጉሥ እንጀራ ይበላል፣ ድንጋይ ግን አይበላም አላት።

ጥንት ንጉሡ የወጣበት ደረጃ ፈርሶ ስለነበር በአጋዘን ዱካ ወጡ። ዱካው አንዳንድ ቦታ ከአንድ እግር አይሰፋም፤ በቀኝ ገደል፣ በግራ ውሃ ያቆረ የሚመስል ጥቁር አለት። ጥሪውም ጀመረ። ባሻን በሚስቱ ድምፅ ጠራው፤ ሽማግሌው ጺሙን ነክሶ፣ እንባው እየወረደ፣ ሳይቆም ሄደ። አጥናፉን በሙት አባቱ ድምፅ ጠራው፤ እሱም መሰንቆውን እየገዘገዘ በጩኸት ሸፈነው። ዋጋዬን ደግሞ በእናቷ ድምፅ ውሃ አምጪልኝ አላት። አወይ የልማድ ነገር፤ እሷ እንደ ወትሮዋ አልሰማችም።

ከገደሉ አልፈው አፋፉ ላይ ሲወጡ ሦስቱም ቆሙ።

ከፊታቸው በአራት ማዕዘን ገደል የታቀፈ ሸለቆ ተዘርግቷል። የጥዶቹ ዕድሜ ከመንግሥታት ይበልጣል፤ ከቅርንጫፋቸው የተንዠረገገው ሽበት መሬት ይነካል። በሥራቸው የማር አጋዘኖች ይግጣሉ፤ በቀንዶቻቸው መካከል ንብ ሰፍሮ፣ ወለላው በግንባራቸው እየወረደ፣ ግልገሎቹ እየተንጠራሩ የእናቶቻቸውን ፊት ይልሳሉ። በመሐላቸው አንድ ታላቅ ነብር ተኝቷል፤ ነጠብጣቦቹ እንደ ደመና ጥላ በቆዳው ላይ ቀስ እያሉ ይሄዳሉ፣ አጋዘኖቹም ተሻግረውት ያልፋሉ። ብርሃን የሚመስሉ ወፎች ከገደል ገደል ሲበሩ ክንፋቸው ያለፈበት አየር ለአፍታ ቀለም ይዞ ይቆያል። ከዚህ ሁሉ ሥር፣ በጉም ስንጥቅ ውስጥ፣ ሰንደራ ከነግንቧ፣ ከነንጉሧ፣ የእፍኝ ስባሪ ሸክላ ታክላ ትታያለች። ዋጋዬ ዕድሜ ልኳን ከታች ሆና ፈዛ ያየችው ተራራ ይህን ሁሉ በጉያው ይዞ ኖሯል።

አጥናፉ መሰንቆውን አወረደ። የተፈጠረው ለማድነቅ ነው፣ ምን ያድርግ። «አቤት ውበት!» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላል ሰው፤ እነሱ ደግሞ አፋፉ ላይ ነበሩ። ወፎቹ ዝም አሉ። ነብሩ አንድ ዓይኑን ገለጠ። አጥናፉ ምን እንዳለ የገባው ባሻ ራሱን ሲይዝ አይቶ ነው። ዝቅ ብሎ እግሩን ቢያይ ጣቶቹ ግራጫ ድንጋይ ሆነዋል፤ ድንጋይነቱም ቀስ እያለ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ይወጣል። ይህ ሰው በዚያችም ሰዓት ቀልዱን አልተወም፤ ድሮም ጫማ አልነበረኝም አላቸው።

ዋጋዬ ግን አልሳቀችም። ምንጩ ጋ እንደርሳለን፣ እዚያ የሚያድንህ ይኖራል ብላ ክንዱን ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ ባሻ በሌላው በኩል ያዘው። ጉልበቱ ድንጋይ በሆነ ጊዜ ከአጋዘኖቹ ትልቁ መጥቶ ተንበረከከላቸው። በጀርባው ጭነውት ወጡ፤ ንቦቹ አብረዋቸው እያንሾካሾኩ ሄዱ፣ ነብሩም በሩቁ ተከተላቸው። ድንጋዩ ወገቡን ሲይዝ አዝማሪው መዝፈን አቆመ። ዋጋዬ ሲዘፍን ዝም በል ስትለው የኖረችውን ሁሉ አሁን ተጸጸተችበት።

በጽዋዔ አናት ላይ ከቤት መደብ የማይበልጥ ኩሬ አለ፤ አፈሩ ተሰነጣጥቋል። በዳሩ አንድ ሽማግሌ እጆቹን እፍኝ አድርጎ ተቀምጧል፤ አካሉ እንደ ጠዋት ጉም ወዲያ ማዶውን ያሳያል። ከእፍኙ ክር የምታክል ውሃ ትንጠባጠባለች። የሐመልማን ውሃ ሁሉ ያቺ ነበረች። ፊቱን ከቅስቱ ላይ አወቁት፤ ንጉሥ ሐመል ነው። ዋጋዬና ባሻ በግንባራቸው ተደፉ።

ዋጋዬ ቀና ብላ አቤቱታዋን አሰማች፦ «የተጠራሁት እኔ፣ የሚደነግየው እሱ፣ የሚጠማው አገር። ንጉሥ ሆይ፣ ይህ የማን ፍርድ ነው? ተራራው ሰው መብላት ካማረው ለምን በውሃ ያስፈራራል?»

ሽማግሌው «ተራራ ሰው አይበላም» አላት። «ምንጭ ግን ብቻውን አይፈስም። ከታች የሚጠማ ሁሉ ይጣራል፤ ከላይ አቤት የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። በየዘመኑ ተጠርተው የመለሱ ሁሉ አብረውኝ ውሃ ያዙ፤ የዚህ ዘበኛ ሚስትም በበሩ ሥር ያለችው ምንጭ ነበረች። እናንተ ግን ልጆቻችሁን ዝምታ አስተማራችሁ። ረዳት አጥተን ደከምን። ይህ ወጣት ባልተጠራበት ሰዓት መለሰ፤ ባልተጠራበት የመለሰ ድንጋይ ይሆናል፣ የተጠራው ራሱ ካልመለሰለት በቀር።» ባሻ ዕድሜውን ሙሉ በየጠዋቱ ከዚያች ምንጭ ይጠጣ ነበር። ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ዋጋዬ ሌላ መንገድ ይኖር እንደሆነ ጠየቀች። የለም አላት። እሱም በዘመኑ አቤት ሊል ወጥቶ ነው አቤት ብሎ የቀረው።

ድንጋዩ ከአጥናፉ አንገት ደርሶ ነበር። መናገር አልቻለም፤ በዓይኑ ብቻ ተይው፣ ውረጂ ይላታል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይናገር ተሰማ። ዋጋዬም ገባት፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር በዚያች ቅጽበት አወቀች። ግንባሩን ሳመችው። የንጉሡን ካባ አውልቃ ለባሻ ሰጠችው፦ «ለእናቴ መሐላዬን እንዳፈረስኩ ንገራት፤ ትቆጣኝ። ከዚያ በኋላ ግን፣ ሆዷ ሲሽር፣ በሩ ድረስ መጥታ ትጥራኝ። ሦስቴ መጣራት አያሻትም።»

ያን ጊዜ ተራራው በማንም ድምፅ ሳይሆን በራሱ ድምፅ ተጣራ። አለቱ፣ ጥዱ፣ አጋዘኑ፣ አየሩ ሁሉ አንድ አፍ ሆኖ፣ «ዋጋዬ» አለ። ስሟን ያወጣችላት እናቷ ናት፤ ዋጋነቱ ለማን እንደሆነ ግን እስከዚያች ቀን ማንም አላሰበበትም ነበር።

ሁለተኛውን ጥሪ አልጠበቀችም። «አቤት» አለች።

ንጉሥ ሐመል ፈገግ ብሎ እጆቹን አጠፈ፤ ከዚያም እዚያ አልነበረም። ከአጥናፉ ላይ ድንጋዩ እንደ ደረቀ ጭቃ ተፈረካክሶ ረገፈ። ኩሬው ሞላ፣ ገነፈለ፣ በአራቱም ገደል ውሃው እያገሳ ወረደ፤ በየሸለቆው የቀለም አየር ተነሣ። ወፎቹ ሁሉ ባንዴ ጮኹ። ሁለቱ ሰዎች ዓይናቸውን ሲጠርጉ፣ ዋጋዬ በኩሬው ዳር እጆቿን እፍኝ አድርጋ ተቀምጣ ነበር፤ ፀሐይዋ በአካሏ ውስጥ አልፋ ከማዶ ታበራለች። የምታየው ወደ ታች፣ ወደ አንድ የሸክላ ሠሪ ጓሮ ነው።

ሰንደራ ሰባት ቀን ጨፈረች። ንጉሡ ካባውን ሲመልሱለት አልለብስም አለ፤ በዝምታ በር ላይ ሰቀለው፣ በሩንም የመልስ በር ብሎ ሰየመው። አጥናፉ ዘፈኑን ሠራ፤ ግን ከዚያ በኋላ ባለቀ ቁጥር ትንሽ ዝም የማለት ልማድ ያዘ።

ወይዘሮ ስኂን አልጨፈረችም። መልእክቱን ሰምታ፣ አንቺን ያሳጣኝ ብላ ምላ ይኸው አሳጣት ብላ፣ በሯን ዘጋች። ወንዙ በደጇ ሲያልፍ ጀርባዋን ሰጠችው፤ ጭቃ ሳታቦካ ክረምቱ ወጣ።

ከዚያ በአንድ ጠዋት፣ ገና ጀምበር ስትፈነጥቅ፣ ባዶ እንስራዋን አዝላ ወደ ተራራው ስትወጣ ባሻ አያት። በሩ ሥር ስትደርስ እንስራውን አወረደች፣ መቀነቷን አጠበቀች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሦስቴ ለመጣራት ትንፋሽ ሰብስባ ነበር። በዚያው በቁጣዋ ድምፅ፣ በጓሮዋ ድምፅ፣ «አንቺ ዋጋዬ! ውሃ አምጪልኝ!» አለች።

«አቤት!» አለ ተራራው፤ ገና ቃሏን ሳትጨርስ።

በበሩ ሥር ደርቃ የኖረችው ትንሽ ምንጭ ፈንድታ እንስራውን ሞላችው። ወይዘሮ ስኂን አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያም እንስራዋን አጠገቧ አድርጋ ሣሩ ላይ ተቀመጠች፤ እንዲህ በመጀመሪያው ጥሪ ስትሰሚኝ ነበር ማየት የምፈልገው አለቻት፣ እስከ ረፋድም የሰፈሩን ወሬ ስታወራላት ቆየች።