ሁሉም መፍቻ በቦታው ነበር

ዊልፍ ኦልድሮይድ ከአሮጌዋ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ክንፍ ሥር፣ ከመሰላሉ እግር አጠገብ ተዘርግቶ ነበር። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። የጭንቅላቱ የኋላ ክፍል ተፈንክቷል። ለሚያየው ሁሉ ከመሰላል የወደቀ ሽማግሌ ነው።

ኢንስፔክተር ጊሊያን ስኬልተን ከሬሳው አጠገብ ስትንበረከክ ጉልበቷ ቋ አለ። ጡረታ ለመውጣት አምስት ወር ቀርቷታል፤ ጉዳዩ በመሰላሉ ቢያልቅላት ደስ ባላት። በሟቹ ኪስ ውስጥ ግን አራት ብሎኖች አገኘች። ቀና ስትል የሞተሩ ክዳን በሁለት ብሎን ብቻ ተንጠልጥሎ አየችው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በአውሮፕላኗ መጠለያ፣ በሃንጋሩ ውስጥ ከዊልፍ ጋር የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሦስቱም ለየብቻ ወጥተዋል። ዓርብ ጠዋት ሬሳውን አገኙት።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሂዩ ፔንበሪን ነው፤ በወጣትነቱ አውሮፕላኗን ያበረራት እሱ ነበር።

«እሑድ ሞተሯን ልናስነሳ ሕዝብ ጠርተናል» አለ። «ካልተነሣች የቆመችበት መሬት ባለቤት ለቁርጥራጭ ብረት ይሰጣታል። ዋና መካኒኩ ዊልፍ ደህና ናት ብሎ ካልፈረመ ደግሞ አትነሣም።»

«ዊልፍ ይፈርሙ ነበር?»

«እኔን አትጠይቂኝ። እኔ መፍቻ ስነካ ካየ እጄን ይመታኝ ነበር። ኒጄልን ጠይቂው፤ ከብስክሌት በላይ ከፍ ብሎ የማያውቀውን ‹አብራሪያችንን›።»

ኒጄል ትዊድ ፖስታ አዳይ ነው። በሠራዊቱ አላገለገለም፤ የዚችን አውሮፕላን አራት ሺህ ፎቶግራፍ ግን አንስቷል።

«የብሎኖቿን ቁጥር ከሂዩ ይልቅ እኔ አውቃለሁ» አለ ፊቱ ቀልቶ። «ዊልፍ ግን ቁጥሬን ነጠቀኝ። መፍቻ ክንፍ ላይ ረስቼ ሄጄ ነው።»

«ምን ቁጥር?»

ወደ መሣሪያ ሰሌዳው ወሰዳት። የየመሣሪያው ቅርጽ በጥቁር ቀለም ተስሏል። መፍቻ የሚወስድ ሰው በባዶው ቅርጽ ላይ የራሱ ቁጥር የተቀረጸባትን ትንሽ ናስ ይሰቅላል፤ ሲመልስ ቁጥሩን ከታች ወዳለው መደዳ ያዛውራል።

«ሞተር ውስጥ የተረሳ መፍቻ አውሮፕላን ይጥላል» አለ ኒጄል። «ዊልፍ ይህን በቀን ሦስቴ ይነግረን ነበር።»

ጊሊያን ሰሌዳውን ቆማ አየችው። ባዶ ቦታ የለም። የዊልፍ ቁጥርም መደዳው ላይ ተሰቅሏል። ከመፍቻዎቹ ሁሉ ትልቁ ብቻ በነጭ ጋዝ ተወልውሎ ያበራል።

ስታን ክሮፍት የዊልፍ ረዳት መካኒክ ሆኖ ሃያ ሁለት ዓመት አገልግሏል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በየቀኑ እዚሁ ነው የሚውለው።

«ዊልፍ ክዳን እንደተንጠለጠለ ትተው ወደ ቤት ይሄዳሉ?»

«ዊልፍ? ቤትህ እየተቃጠለ ነው ቢሉት መጀመሪያ ብሎኑን ነው የሚያስገባው።»

«እሑድ ባትነሣስ፣ እርስዎ ምን ያደርጋሉ?»

ስታን እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ቤት አለኝ» አለ። «ቤቱ ውስጥ ግን ማንም የለም።»

አሥር ሰዓት ላይ ሦስቱን ለሻይ ሰበሰበቻቸው። ከሰሌዳው አንድ ጠመንጃ መፍቻ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ትታለች። ሂዩ ኩባያውን ከጎኑ አስቀመጠ። ኒጄል የፎቶ አልበሙን ለመዘርጋት በክንዱ ገፋ አደረገው።

«ብሎኖቹ ኪሳቸው ውስጥ ነበሩ» አለች ጊሊያን፣ ድካም በተጫነው ድምፅ። «ክዳኑም ተፈትቶ አላለቀም። ስለዚህ ዊልፍ የሞቱት ሥራ ላይ እያሉ ነው። ሥራ ላይ የሞተ ሰው መፍቻውን መልሶ፣ ቁጥሩን አዛውሮ አይሞትም። ሌላ ሰው ነው የመለሰላቸው፤ ያውም ደሙን ወልውሎ።»

«ለምን ወንዝ ውስጥ አልጣለውም?» አለ ኒጄል።

«አልቻለም። ሂዩ መፍቻ ነክተው አያውቁም። አንተ ቦታውን ታውቃለህ፣ ግን ትረሳለህ። ይህ ሰው ነፍስ አጥፍቶም ቢሆን ሰሌዳው ላይ ባዶ ቦታ ትቶ መውጣት አይሆንለትም።»

ስታን ተነሥቶ ነበር። ጠመንጃ መፍቻውን ከኩባያውና ከአልበሙ መካከል አንሥቶ ሄዶ ሰቀለው። ሲመለስ ሌሎቹ ሦስቱ እያዩት ነው። የገዛ እጁን ቁልቁል ተመለከተ።

«ሞተሩ ላይ ስንጥቅ አገኘ» አለ ቀስ ብሎ። «ጣት የማታህል። ከመሰላሉ ወረደና ‹አበቃላት ስታን፣ አልፈርምም› አለኝ። አንድ እሑድ ብቻ ብዬ ለመንኩት። ጀርባውን ሰጠኝ። መፍቻውን መሰላሉ ላይ አስቀምጦት ነበር።»

«ዊልፍ እኮ ሚዜህ ነበር» አለ ሂዩ።



ጊሊያን ጓንት አድርጋ ትልቁን መፍቻ አወረደችና ላስቲክ ውስጥ ከተተችው። ጥቁሩ ቅርጽ ባዶውን ቀረ።

«እንዲህ አይተውም» አለ ስታን። «ማን እንደወሰደው መታወቅ አለበት።»

«እኔ ቁጥር የለኝም።»

«አንቺ አይደለሽም የወሰድሽው።»

የራሱን ሰባት ቁጥር ከመደዳው አነሣ፤ በባዶው ቅርጽ ላይ ሰቀለውና ኮቱን ለበሰ።